ያልተጨበጨበበት ሜዳ

በሜዳው ላይ አቋቋማችን እንዲህ ነበር። የኦርኬስትራችን መሪ በመካከል ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደኛ፣ ጀርባቸው ወደ ሕዝቡ ነው። ትራምፔቱና ትሮምቦኑ በስተቀኛቸው፣ ክላርኔቱና አኮርዲዮኑ በስተግራቸው፣ ድራሙ ከሁሉም ኋላ፣ ሐይቁ ሸሽቶ በተወው ደረቅ ጭቃ ላይ። ሁለቱ ቫዮሊኖች ከመሪው ፊት ለፊት ናቸው። እኔ ከነሱ ቀጥዬ፣ ከትልቁ የባምባ ዛፍ ሥር፣ ከቫዮሊን የሚተልቀው ቼሎዬ እግሩ የማይሰምጥበት ጠንካራ መሬት ፈልጌ ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ። በዚያ ሜዳ ከነበረው ሰው ሁሉ የተቀመጥሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ከወረዳ የተላከው ካድሬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከዛፉ ጥላ ጫፍ ላይ ቆሟል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሱ ጀርባ ነው፤ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሮታል። ወንዶቹ በትራቸውን ተደግፈው ከፊት፣ ካህናቱ ከወንዶቹ ፈንጠር ብለው ለብቻቸው፣ ሴቶቹ ከጌሾው አጥር ሥር ቆመዋል። የሊቀመንበሩ ሚስት ሕፃን አዝላ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ናት። የምታየው እኛን አልነበረም፤ የባሏን ጀርባ ነበር።

ብዙ ተጫውተናል። አንድም ሰው አላጨበጨበም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ የተወለድሁት ዳንግላ ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እቤታችን ግድግዳ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ በገና ነበር፤ አባቴ የሚያወርዱት በሁዳዴ ብቻ ነው። ቅበላ ሲያልፍ አቧራውን ይጠርጋሉ፣ አውታሩን ይወጥራሉ፣ ከአውታሩ ሥር የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ ወዲህና ወዲያ ይገፏታል። ያች ቆዳ ካልተስተካከለች በገናው ደረቅ ነው። ስትስተካከል ግን ድምፁ ይነዝራል፤ ደረት ውስጥ ይገባል። ሲደረድሩ እኛ ልጆቹ መሬት ላይ እንቀመጣለን እንጂ አንቆምም። ሲጨርሱም አይጨበጨብም፤ ዝም ይባላል። ለትንሣኤ በገናው ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

ቼሎ የለመድሁት ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። ከውጭ አገር ለማስተማር የመጣ የአንድ መምህር ሚስት ቼሎ ነበራት። ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቷ እየሄድሁ አማርኛ አስተምራታለሁ፤ እሷ ደግሞ ቼሎ ታስተምረኛለች። ከሁለታችን ማን የባሰ ተማሪ እንደ ነበረ እንጃ። አገሯ ስትመለስ መሣሪያዋን ይዛ ሄደች። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆንሁ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ አገባሁ። ነገሩ በዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ ግን ከወዳጅ አገር በስጦታ የተላኩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ባሕር ዳር ደረሱ። ከፋብሪካው፣ ከትምህርት ቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ተለቅሞ ኦርኬስትራ ተቋቋመ። ከሳጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ቼሎ ነበር። መጫወት የሚችል ሰው አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። ባሌ ማታ ሲሰማ፣ «እሱን ነገር የት ልናስቀምጠው ነው?» ብቻ አለኝ። ከአልጋችን ራስጌ አስቀመጥነው።

መሪያችን ሐረር የተወለዱ፣ በድሮው የጦር ሠራዊት ባንድ ያደጉ ሰው ነበሩ። የምንለማመደው ፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የጥጥ ብናኝ በአውታሩ ላይ ስለሚያርፍ በየመካከሉ እንጠርጋለን። ለሠራተኛው በፈረቃ ለውጥ ሰዓት እንጫወታለን፤ ከዚያ አልፎ ወደ ገጠር እንላክ ጀመር። ወንዛዬ ስንሄድ ሰዎቹ ከፍል ውኃው አልወጡም። አንገታቸው ድረስ እንደ ተነከሩ ሰሙን፤ ሲያጨበጭቡ ውኃው እየተረጨ ቫዮሊኖቹን አበሰበሰብን። ቆላ ድባ ገበያ መካከል ስንጫወት አንድ እህል ነጋዴ ትሮምቦን ነፊውን፣ «ወንድሜ፣ አህያዬን አስደነበርህብኝ። ወይ ፈልገህ አምጣልኝ፣ ወይ ያንን ቧንቧ እጠፈው!» ብሎ ጮኸበት። ሕዝቡ ግን በሄድንበት ሁሉ ያጨበጭብ ነበር።

ጭብጨባ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ካድሬዎቹ የሚያቀርቡት ሪፖርት ሕዝቡ ስሜቱን በጭብጨባና በእልልታ ገለጸ የሚል መሆን ነበረበት። ካልገለጸ፣ ያላስገለጸው ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል።

ወደዚያች መንደር የሄድነው በመጋቢት፣ በሁዳዴ መካከል ነው። መንደሯ ከባሕር ዳር በጀልባ የምትደረስ፣ ጌሾና ሎሚ የሚበቅልባት ናት፤ ከበላይዋ ደን ውስጥ ገዳም አለ። ቀኑ የተቆረጠው በወረዳ ነው። በገዳም አጠገብ የሚኖር ሰው በሁዳዴ ዘፈን አይሰማም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ከበሮውንና ጸናጽሉን ያስቀምጣል። እልልታም ጭብጨባም እስከ ትንሣኤ የለም። ይህን የጎጃም ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። መሪያችንን ከመሄዳችን በፊት አነጋገርኋቸው።

«ሁዳዴ እኮ ነው። ማን ያጨበጭብልናል?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ፕሮግራሙ የመጣው ከላይ ነው» አሉኝ። «እኔ ምት እንጂ ቀን አልቆጥርም።»

ካድሬው ከኛው ጋር ተሳፈረ። ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከኔ ያንሳል። ካኪ ልብሱ በደንብ የተተኮሰ ነው፤ አነጋገሩ የጎጃም ልጅ መሆኑን ያስታውቃል። መንገዱን ሙሉ ከማንም ጋር አልተጫወተም። ትራምፔት ነፊያችን ድሬዳዋ ያደገ ቀልደኛ ነበር፤ ጀልባዋ ላይ እንቁላል የገባበት ዳቦ አውጥቶ በላ። ለሁላችንም ቆርሶ ቢያቀርብልን የተቀበለው የለም።

ሐይቁ በበጋው ስለሸሸ ጀልባዋ ከዳር መድረስ አልቻለችም። ጫማችንን አውልቀን ጭቃ ውስጥ ገባን። የመንደሩ ሴቶች ዕቃችንን ሊቀበሉን ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጡ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ዱካዬንና ቦርሳዬን ያዘችልኝ፤ ቼሎውን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ተሸክሜው ስወጣ ቆብ የደፉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ከዳር ቆመው ይጠብቁኛል።

«ይህች ደግሞ ምንድን ናት? የማሲንቆ እናት ናት?» አሉ።

«ቼሎ ይባላል፣ እማሆይ።»

«ባል አለሽ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ባል እያለሽ ምን አዝማሪ አደረገሽ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ትራምፔት ነፊው ከኋላዬ፣ «እኔንስ ሚስት አለህ ወይ አይሉኝም፣ እማሆይ?» አላቸው።

«አንተ መጀመሪያ አፍህን ጥረግ፤ እንቁላል አለበት» አሉት።

ያን ቀን ከዚያ በኋላ ሲቀልድ አልሰማሁትም።

ዱካዬን የያዘችልኝ ሴት ባምባው ሥር አስቀመጠችልኝና አልሄደችም። እኔ ቼሎውን ከማኅደሩ ሳወጣ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ አንቺ ያገር ልጅ ትመስያለሽ» አለችኝ።

«የዳንግላ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያ ታውቂዋለሽ። ዛሬ አያጨበጭቡላችሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ሊቀመንበሩ ባሌ ነው።» ወደ ካድሬው በዓይኗ ጠቆመችኝ። «አምና ለስብሰባ ሰው አልወጣልህም ብለው አስረውት ነበር። ይህ ያዘልሁት ልጅ የተወለደው እሱ ታስሮ ሳለ ነው። ሲመለስ እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም ነበር። ዛሬ ደግሞ ሕዝቡ ደስታውን ካልገለጸ ተመልሰህ ትገባለህ ብለውታል።»

«ሰዉ ይህን ያውቃል?»

«ማን ይንገራቸው? እኔን አድኑኝና ጾማችሁን ሻሩ ይበላቸው?»

አንድ ነገር እንዳደርግላት አልጠየቀችኝም። ነገሩን ለአንድ ሰው መንገር ፈልጋ ነበር መሰለኝ፤ ነገረችኝና ተነሥታ ወደ ሴቶቹ ሄደች።

ጀመርን። የመጀመሪያው ስለ ምርት ዘመቻ የሚዘፈን ማርሽ ነው። የትራምፔቱ ድምፅ ሐይቁን አቋርጦ ሲመለስ ይሰማል። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰዉ ትከሻውን መነቅነቅ የሚጀምርበት ዜማ ነበር። እዚህ ግን ወንዶቹ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ወደ መሬት አዩ። ካህናቱ ዓይናቸውን ውኃው ላይ ተክለዋል። ስንጨርስ የድራሙ የነሐስ ሰሐን ድምፁ እስኪጠፋ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛው እስክስታ የሚያስመታ ነው፤ ከሱ የሚቀጥለውም እንደዚያው። ሰዎቹ አልተቆጡም፣ አልሸሹም፣ አላጉረመረሙም። ኑ ተባሉ፣ መጡ። ጆሯቸውን ግን አልሰጡንም። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ፊት ተጫውቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ሰው እንዲያ አድርጎ አለመስማት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከማፈር ይልቅ ገረመኝ። ልክ እንደ ዝማሬ ሁሉ እሱም አብሮ የሚደረግ፣ ከልጅነት የተለመደ ነገር ነበር።

ካድሬው ወደ ሊቀመንበሩ ዘወር አለ። ሊቀመንበሩ ወደ ሕዝቡ ወጣ ብሎ ቆመና ብቻውን አጨበጨበ። ከሱ በቀር ያጨበጨበ የለም። የሁለት እጅ ጭብጨባ በዚያ ሜዳ ላይ እንዴት ያለ ትንሽ ድምፅ እንደ ነበር! ዓይኑ ከካህናቱ ዓይን ጋር ሲጋጠም እጁን አወረደው፤ ከዚያ የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል ጋቢው ውስጥ ከተተው።

ካድሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረው፤ እኔ ግን ቅርብ ስለሆንሁ ሰማሁት።

«አንድ ዘፈን ቀርቷል። እሱም እንዲህ ከሆነ ዕቃህን ያዝ፤ አብረኸን ትሳፈራለህ።»

«እሺ» አለ ሊቀመንበሩ።

ሚስቱ ሩቅ ስለነበረች አልሰማችም። ግን የሰማች ያህል የሕፃኑን ማዘያ አጥብቃ አሠረች።

መሪያችን የመጨረሻውን ዘፈን ሊያስጀምሩ እጃቸውን አነሡ። እኔ ተናጋሪ ሰው አይደለሁም። በልምምድ ላይ እንኳ ሳልጠየቅ አልናገርም ነበር።

«ይቅርታ፤ ይህን ለኔ ይተዉልኝ» አልኋቸው።

«ምን ልትጫወቺ?»

«አባቴ በሁዳዴ የሚደረድሩትን።»

እጃቸው እንደ ተነሣ ቀረ። ክርስቲያን ናቸው፤ በሁዳዴ የሚደረደረው ምን እንደሆነ አልጠፋቸውም። ወደ ካድሬው አዩ፣ ከዚያም ወደ ሊቀመንበሩ።

«ረጅም ነው?»

«ማሳጠር እችላለሁ።»

እጃቸውን አወረዱና ከድራሙ ጎን ሄደው ቆሙ።

ከባምባው ግንድ ሥር ለመድረቅ የተዘረጋ ደንገል ነበር፤ ታንኳ የሚሠራበት ነው። ከአንዱ ዘንግ ላይ ቀጭን ልጣጭ ገፈፍሁ። ቼሎ እንደ በገና አይነዝርም፤ ድምፁ የለሰለሰ ነው። ተማሪ ሳለሁ ግን በአውታሮቹ መካከል ወረቀት ሽጬ ስነካካ እንደሚነዝር አይቼ ነበር፤ መምህሬ መሣሪያ አታበላሺ ብላ ተቆጥታኛለች። ልጣጩን በአንዱ አውታር ላይ፣ በሚቀጥለው ሥር አድርጌ አስገባሁት። ትራምፔት ነፊው አጎንብሶ የማደርገውን ሲያይ ቆየና ትራምፔቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ደጋኑን ጭኔ ላይ አጋደምሁት። ወፍራሙን አውታር በጣቴ ነካሁ።

ነዘረ።

የአባቴን በገና ነው ማለት አልችልም። የደንገሉ ንዝረት ሻካራ ነው፤ ከቆዳው ይደርቃል። ቅኝቱን ግን ጣቴ ያውቀዋል። አባቴ ያስተማሩኝ አይደለም፤ ሴት ልጅ ትደርድር ያለ አልነበረም። መሬት ላይ ተቀምጬ ስሰማ ያደግሁት ነው። ቀስ እያልሁ፣ መካከሉን ዝም እያሰኘሁ ቀጠልሁ።

ቀና ያልሁት አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰምቼ ነው። ሰዎቹ እየተቀመጡ ነበር። እንዲቀመጡ ያዘዛቸው የለም። በመጀመሪያ እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት ላይ ዝቅ አሉ፤ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ በትራቸውን አጋድመው። ባርኔጣ ያደረገ ባርኔጣውን አወለቀ። ካህናቱ ከሁሉ ኋላ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሰው ሲቀመጥ የተሰማው የልብስ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ነፋስ በደንገሉ መካከል ሲያልፍ እንደሚሰማው ያለ።

አሁን ይሰሙኝ ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ ልገልጸው አልችልም፤ አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ቤቱ እንደሚለወጠው ነው። አንዲት ጣት ብስት የሚያውቁት ይመስለኝ ጀመር፤ ያውቁትም ነበር።

ሊቀመንበሩ ቆሞ ቀርቷል። ካድሬውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ከዚያም ተቀመጠ። ከኛ ከተጫዋቾቹ በቀር ቆሞ የቀረው ካድሬው ብቻ ሆነ።

እሱ ገና የመጀመሪያውን አውታር ስነካ ዘወር ብሎ ነበር። ምን እንደሆነ ያውቀዋል። የጎጃም ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ አላውቀውም ቢል ማን ያምነዋል? ጥቂት እርምጃ ወደኔ መጣ። ጫማው ከዱካዬ አጠገብ ታየኝ። ቀና አላልሁም፤ አላቆምሁምም። ካቆምሁ አንድ ነገር እንዲናገር ቦታ እሰጠዋለሁ ብዬ ነው።

በዚህ መካከል እማሆይ ቃሉን አነሡት። የኔ ቼሎ ቃል የለውም፤ እኔም አልዘምርም። እሳቸው በእርጅና በሰለለች ድምፅ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ጀመሩ። በየቤቱ በሁዳዴ የሚባለው ቃል ነው፤ ስለ ዕለተ ሞት፣ ስለ ምሕረት። በገና ሲደረደር ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሰማው፤ አብሮ ማዜም ልማድ አይደለም። ምናልባት ቼሎው ቃል እንደሌለው አይተው አዝነውለት ይሆናል። አንዲት ሴት ከጎናቸው አብራ አንጎራጎረች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ከካህናቱ አንዱ በወፍራም ድምፅ ከሥር ያዘው። ከዚያ በኋላ ማን እንደ ጀመረ፣ ማን እንደ ተከተለ መለየት አልቻልሁም።

አልጮኹም። አፋቸው የተከፈተ እንኳ አይመስልም ነበር። ድምፁ በሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ከመሬት ይመጣል። የኛ ክላርኔት ነፊ መሣሪያውን አነሣና ከሁሉ ዝቅተኛዋን አንዲት ድምፅ ያዘ፤ ትንፋሹ ሲያልቅ አኮርዲዮኑ ተቀበለው፤ ከዚያ መልሶ እሱ። መሪያችን የድራሙ ሳጥን ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ምት የሚቆጥር አልነበረም።

ጣቴ ስለደከመኝ እጄን ከአውታሩ ላይ አነሣሁ። ለጥቂት ጊዜ ላሳርፈው ብዬ ነው። ቼሎው ግን አልቆመም። ማንም ሳይነካው አውታሩ ይርድ ነበር፤ የደንገሉ ልጣጭ በሰዎቹ ድምፅ ብቻ በስሱ ይነዝራል። በጉልበቴ በኩል ይሰማኛል፣ በደረቴ በኩል ይሰማኛል። እጄን አየሁት፤ አየር ላይ ነው። መሣሪያው ድምፅ ሲቀበል ይነዝራል ብላ መምህሬ ነግራኝ ነበር፤ ሊሆን የሚችል ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልረዳኝም። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ያለ ነገር አልደረሰብኝም፤ ለባሌም ስነግረው ልክ አድርጌ አልነገርሁትም።

እጄን ስመልሰው እየጨረሱ ነበር። እማሆይ የመጨረሻውን ቃል ብቻቸውን አሉት። እኔም ወፍራሙን አውታር አንድ ጊዜ ነክቼ ተውሁት።

አልተጨበጨበም። የተነሣም የለም። ሐይቁ ከደረቁ ጭቃ ጋር ሲነካካ ይሰማል። ዝምታው ረዘመ። መጀመሪያ ከነበረው ዝምታ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ግን ዝምታ ነው፣ ካድሬው ደግሞ የሚፈልገው ጭብጨባ ነበር። ሊቀመንበሩ ይህን ከማንም በፊት ዐሰበው መሰለኝ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ሊሳፈር እንደተዘጋጀ ሰው ቆመ።

ካድሬው ባርኔጣውን አውልቆ ኖሯል፤ መቼ እንዳወለቀው አላየሁም። ከጀርባው በኩል በሁለት እጁ ይዞታል።

«ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለኔ ነበር።

መሪያችን ከሳጥኑ ላይ ተነሥተው በወታደር አቋቋም ቀጥ አሉ። «ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ኀዘን የተደረሰ ነው፣ ጓድ!» አሉ።

ትራምፔት ነፊው ሳል ያዘው።

ካድሬው መሪያችንን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ የተቀመጡትን ሰዎች አየ፤ እማሆይን፣ ካህናቱን፣ የሊቀመንበሩን ሚስት።

«የጭቁኑ ሕዝብ ኀዘን» አለ። ባርኔጣውን ደፋና ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ሕዝቡ ተቀምጦ በጽሞና ተከታትሏል። አብሮም አዚሟል። ተሳትፎው ጥሩ ነው ተብሎ ይቀርባል።»

ሊቀመንበሩ የገባው አይመስልም። «ዕቃዬን ላምጣ?» አለው።

«የምን ዕቃ? ቤትህ ግባ። ሰዉንም ልቀቅ፤ ሳይበላ ውሏል።»

ሊቀመንበሩ አልተንቀሳቀሰም። ሚስቱ መጥታ ክንዱን ያዘችው። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችው፤ እሱም ተቀብሎ አቀፈው። ሁለቱም በጌሾው አጥር በኩል ሽቅብ ወጡ።

ሰዉ ተነሥቶ ወደየቤቱ ተበተነ። እኔ ቼሎውን ማኅደሩ ውስጥ አስገባሁት፤ ማሠሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆለፍሁ። ሌሎቹ ጀልባዋ ላይ ደርሰው ይጠሩኝ ነበር። ጫማዬን አውልቄ፣ ቼሎውን ተሸክሜ፣ ጭቃው ውስጥ ገባሁ፤ ጀልባዋ ላይም ወጣሁ።